እንጨት የዳኘው ውሃ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ይቺ ላም ታማለች መሰል፣ ድምፃችሁ ሰለለ። አንዴ እንደገና። ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲያ በሉኝ። መብራት ባይጠፋና የየእጃችሁ ስልክ ባይዘጋባችሁ ኖሮ ማናችሁም ወደ እኔ እንደማትመጡ አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። ብቻ ጠጋ በሉ። አንተ ግድግዳ የተደገፍከው፣ እኔ እያወራሁ ብታንኮራፋ ውሃ ነው የምደፋብህ። የዛሬው ተረትም የውሃ ነው።

በድሮ ዘመን አጓት የሚባል ወንዝ ነበረ። ከነጭ ድንጋይ መሃል ስለሚወጣ ውሃው ነጣ ይላል፤ አጓት ያሉትም ለዚያ ነው። አገሩ ቆላ ነበርና ዝናብ አይበረክትበትም። ሰዎቹ ወንዙን ከላይ ይጠልፉታል። በአንድ ረጅም ቦይ ይመሩታል። በርበሬውን፣ ሽንኩርቱንና በቆሎውን ያጠጡበታል። በቦዩ መነሻ በኩል የሚያርሱትን የራስጌ ሰዎች ይሏቸዋል። ቦዩ አልቆ አሸዋ ውስጥ በሚጠፋበት በኩል የሚያርሱትን ደግሞ የግርጌ ሰዎች ይሏቸዋል። በአንድ አልጋ እንደተጋደሙ ሰዎች፣ በአንድ ውሃ ላይ ራስጌና ግርጌ ሆነው ይኖሩ ነበር።

ውሃ ግን እንደ አልጋ አይደለም። ሲበዛ ያጋባል፣ ሲያንስ ያጋድላል።

ውሃውን የሚያካፍል የውሃ አባት የሚባል ሹም ነበራቸው። በዚያ ጊዜ የውሃ አባቱ ልየው የሚባል ሰው ነበረ፤ አያ ልየው ይሉታል። ድምፁ ማዶ ለማዶ የሚሰማ፣ ቁጣው ከቃሉ የሚቀድም ሰው ነበር። ተራ የሚቆርጠው ፀሐይ አይቶ ነው። ሰማዩ ከዳመነ ግን ይምታታበታል። የአንዱን ተራ ለሌላው ይሰጣል። ጠብም ከዚያ ይነሳል።

በዚያው አገር ካሴ የሚባል አናጢ ነበረ። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ቀድማ ሞታለች። ካሴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የመጥረቢያውንም የመሮውንም ሙያ ለእሷ አስተማራት። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ደመናው ብቻ መጣ። ልየው ተራ አምታታ። ሁለት ጎረቤታሞች «ተራው የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» ተባባሉና ዱላ አነሱ። ካሴ ሊገላግል መሃል ገባ። ዱላው እሱ ላይ አረፈ። ሰውዬው ከዚያ አልተነሳም። እዩት እንግዲህ፤ በገዛ ተራው እንኳ አይደለም፣ በሰው ተራ ሞተ።

አንጓች አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እንባዋን ጠረገችና አንድ ነገር በሆዷ ያዘች። ውሃ ያለ ዱላ የሚካፈልበትን ዘዴ ሳላበጅ አልሞትም አለች። ከዚህ በኋላ በአጓት ውሃ ደም የሚፈስ ከሆነ የአባቴ ልጅ አይደለሁም አለች።

ከዚያም ውሃ ማየት ጀመረች። ሰው ገበያ ሲሄድ እሷ ቦይ ዳር ትቀመጣለች። ሰው ሠርግ ሲሄድ እሷ ግንድ ትጠርባለች። የመንደሩ ሰው ይስቅባታል። ግንድ ስትጎትት ባዩዋት ቁጥር «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሏታል። «የካሴ ልጅ ባል ብታጣ ግንድ አገባች» ያሉም አሉ። እሷ መልስ አትሰጥም። መልስ የምትሰጥበት ጊዜ አልነበራትም።

አንድ ቀን ውሃ ከሚንጠባጠብበት ድንጋይ ሥር ቅል አስቀመጠች። ቅሉ ሞላ። ሲሞላ ተዘነበለና ውሃውን ደፋ። ባዶ ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ቆመ። እንደገና ሞላ፣ እንደገና ደፋ፣ እንደገና ቆመ። አንጓች ቅሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ቤቷ ሮጠች። ያን ቀን ያዩዋት ሁሉ «ይቺ ልጅ አሁን ለየላት» አሉ።

የሠራችው ነገር እንዲህ ነው። በየማሳው አፍ ላይ የእንጨት በር ተከለች። ከበሩ ጎን ከዋንዛ የተፈለፈለ ገንዳ በዘንግ ላይ አንጠለጠለች። ማሳው ውሃ ሲጠጣ ገንዳው ውስጥም ጠብ ጠብ ይላል። ገንዳው ሲሞላ ይዘነበላል። ሲዘነበል ገመድ ይስባል። ገመዱ የማሳውን በር ይዘጋዋል። ቋ! ይላል። ያ ማሳ ድርሻውን ጠጣ ማለት ነው። ከዚያም ውሃው በቦዩ ወደሚቀጥለው ማሳ ይወርዳል። እዚያም ይሞላና ቋ! ይላል። እንዲህ እያለ እስከ ግርጌ ይወርዳል። በማግስቱ ማለዳ አንጓች የተዘጉትን በሮች ትከፍትና ዙሩን ከራስጌ እንደገና ታስጀምራለች።

ከእያንዳንዱ ገንዳ ሥር ደግሞ ሽብልቅ የሚሏት አንዲት የተሸጎጠች የእንጨት ቁራጭ አለች። ድርሻን የምትወስነው እሷ ናት። ሽብልቋ ስትወፍር ገንዳው ቶሎ ይደፋና ድርሻው ያንሳል። ሽብልቋ ስትሳሳ ገንዳው ቆይቶ ይደፋና ድርሻው ይበዛል። ይቺን ሽብልቅ ልብ በሉልኝ። ብዙ ነገር የሚመጣው ከሷ ነው።

በመስከረም፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ሥራው ተመረቀ። ሰው ሁሉ በቦዩ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ቆመ። ከላይ ቋ አለ።  ከዚያ ሁለተኛው ቋ አለ። ከዚያም ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ቁልቁል ወረደ። ሲመሽ የመጨረሻው የግርጌ ማሳ ቋ ብሎ ዘጋ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አያ ልየው እንኳ ያ ቁጡ ሰው ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ዳሰሰና ሳቀ። ስሙንም «ዳኛው» አሉት።

በራስጌ የሚኖር ጌጡ የሚባል ባለጸጋ ነበረ። ከሁሉ የሰፋው የሽንኩርት ማሳ የእሱ ነው። እሱም ተነሳና እንዲህ አለ፦

«ሰው ዘመድ አለው፣ ሰው ይደክመዋል፣ ደመና ሲሆን ሰው ይምታታበታል። እንጨት ግን ዘመድም እንቅልፍም የለው። ከእንግዲህ የውሃ አባት ምን ያደርግልናል?»

ሰዉ አጉረመረመ። በአጓት አንድ ሥርዓት ነበረ። የውሃ አባት የሚሾመው ሁልጊዜ ከግርጌ ነው፤ ያውም የመጨረሻውን ማሳ ከሚያርሰው ሰው። የራስጌ ሰው ለዚህ ሹመት አይታጭም። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። አባቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ አየን፣ እኛም አደረግን ነው የሚሉት። አንዳንድ ሽማግሌ ሥርዓቱ አይቅር አለ። ሥርዓቱ ግን ለምን እንደሚጠቅም መናገር አልቻለም። ከዚያም ሁሉም ወደ አንጓች ዞሩ። አንቺ ምን ትያለሽ አሏት።

አንጓች አባቷን አሰበች። የደመናውን ቀን አሰበች። ትንሽም ኩራት ያዛት፤ ማን አይኮራ? እንዲህም አለች፦

«እንጨት አይቆጣም። እንጨት ጉቦ አይበላም።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። አያ ልየው የሹመት ዱላውን ሰው ከሚሰበሰብበት ሾላ ሥር አስቀመጠና ከእንግዲህስ እንደ ልቤ እተኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ለአንጓችም ሽልማት ሰጧት። በቦዩ ራስ፣ ከመጀመሪያው በር አጠገብ፣ ከሁሉ የለማውን ማሳ ሰጧት። ገንዳዎቹን የምትጠብቀው፣ ሽብልቆቹን የምታስተካክለው እሷ ሆነች።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይኸው፣ አያቴ አዲስ ነገር ልትረግም ነው» እያላችሁ ነው። አልረግምም። የአንጓች ገንዳ መልካም ነገር ነበር። ያን ዓመት በአጓት ዱላ አልተነሳም። በውሃ ተራ ሌሊቱን ሲቀመጥ የነበረ ገበሬ ከሚስቱ ጎን ተኛ። በቆሎው ሰው ዋጠ። ሕፃናት እንኳ በቋ ቋው እየቆጠሩ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። ብልሃት ብልሃት ነው፤ እኔ ከደመና ጋር የሚምታታ ዳኛ ይመለስ አልልም።

ከዚያ ግን በልጉ ቀረ። ክረምቱም መጣሁ መጣሁ ብሎ ሳይመጣ ቀረ። አጓት ቀጠነ።

ገንዳዎቹ ምንም አላጠፉም። ለእያንዳንዱ ማሳ ድርሻውን ሳይሰጡ አይዘጉም ነበር። ውሃው ሲቀጥን ግን የራስጌው ማሳ ድርሻው እስኪሞላ ቀኑ ይጋመሳል። ከመሃሉ ማሳዎች ሳይደርስ ይመሻል። ግርጌ ሳይደርስ ይነጋል። ሲነጋ ደግሞ ዙሩ ከራስጌ ይጀምራል። ቋ ቋው እኩሌታ መንገድ ላይ ይቆም ጀመር። ከዚያ ወዲያ ዝም።

አንጓች ይሄን አላስተዋለችም። በየማለዳው ከቤቷ ስትወጣ የምታየው የራሷን በቆሎ ነው፤ እሱ ደግሞ ለምለም ነበር። አገሩ ሁሉ እንደዚያ መሰላት።

አንድ ቀን አንዲት የግርጌ ሴት የደረቀ የበርበሬ ችግኝ ይዛ መጣች። አንጓች ደነገጠች። ወዲያው ቦዩን ይዛ ቁልቁል ወረደች። እያንዳንዱን በር ፈተሸች። እያንዳንዱን ገመድ ሳበች። የተበላሸ ነገር አላገኘችም። ለሴትዮዋም ዳኛው አልተሳሳተም ብላ ነገረቻት። ሴትዮዋ ችግኟን እያየች፦

«አልተሳሳተም ልጄ። እኛ ግን ደረቅን» አለቻት።

አንጓች ያን ቀን ስታስብ አመሸች። በበነጋው ወፍራም ሽብልቅ ጠርባ ተነሳች። የራስጌውን ድርሻ ቀነስ አድርጋ ውሃው ወደ ግርጌ እንዲያልፍ ልታደርግ ነው። ደህና አሰበች። መንገድ ላይ ግን ጌጡ አገኛት። የማር እንስራ አሸክሞ ነበር። ይሄ ለድካምሽ ነው አላት። አባትሽ ወዳጄ ነበር አላት። ከዚያም ሽንኩርቱ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው፣ እስኪደርስ ብቻ ሽብልቁን እንዳትነካበት ለመናት። እሷም ለትንሽ ጊዜ ምን አለበት አለች። የጌጡ ሽብልቅ እንደነበረች ቀረች። ይሄን የሰማ ጎረቤት ቅቤ ይዞ መጣ። ሌላው ጭኮ ይዞ መጣ። አንዱም አልሰደባት፣ አንዱም አላስፈራራት። ሁሉም መረቋት። ሁሉም «ለኔ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ» አሏት። ከጌጡ አልፋ ለመሃሉ ሰዎች አወፍራው የነበረውን ሽብልቅም ሲለምኗት መልሳ አሳሳችው። አንዳንዱ እንዲያውም ከድሮው በላይ ሳሳለት።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። አንጓች ግን ሞኝ አልነበረችም። አንድ ከሰዓት ማሩን እየላሰች ገንዳዎቹን ስትቆጥር፣ ቋ ቋው ከበፊቱም አጥሮ እኩሌታ መንገድ እንኳ እንደማይደርስ ሰማች። ጣቷ አፏ ውስጥ ቀረ። እንጨት ጉቦ አይበላም ያለችው ትዝ አላት። እውነት ነው፣ እንጨቱ አልበላም። የበላችው እሷ ናት። ማሩ መረራትና አለቀሰች።

በዚያው ቀን ወሬ መጣ። የግርጌ ሰዎች ነገ ረፋድ ወጥተው ገንዳዎቹን በመጥረቢያ ሊፈልጧቸው ተማምለዋል። የራስጌ ሰዎችም ይሄን ሰምተው ዱላ አዘጋጅተዋል። ጌጡ ገንዳውን የነካ እጁ ይሰበራል ብሏል አሉ። አንጓችም ይሄን ሰማች። ደም እንዳይፈስ የሠራችው ነገር ደም ሊያፈስ ነው። ገንዳዎቹ ልጆቿ ነበሩ፤ ግን ያን ጊዜ ስለ ገንዳዎቹ አላሰበችም። ሊገላግል ገብቶ የወደቀውን አባቷን ነው ያየችው።

እየሮጠች ወደ አያ ልየው ወረደች። የግርጌ ሰው የሚሰማው እሱን ነውና። ከመጨረሻው ማሳ ዳር ተቀምጦ አገኘችው። በቆሎው ገለባ ሆኗል። የእሱ ገንዳ ውስጥ ሸረሪት አድርቶበታል። እሷም ከእግሩ ሥር ተቀመጠችና እንዲህ አለችው፦

«አያ ልየው፣ ሰዎቹን ይያዙልኝ። የአባቴ ነገር ሊደገም ነው።»

«ምን ብዬ ልያዛቸው? የኔም መጥረቢያ ተስላለች» አላት። ቁጣው ግን የድሮው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር።

አንጓች አልተከራከረችውም። ቆይታም ጠየቀችው፦

«በእርስዎ ጊዜ ድርቅ ሲመጣ ግርጌ ውሃ የሚደርሰው እንዴት ነበር?»

ልየው ቀና አለ። ስለ ሹመት ዘመኑ የጠየቀው ሰው ካገኘ ቆይቷል። በእሱ ጊዜ ድርቅ ሲመጣ ራስጌ ድረስ እየወጣ በቃችሁ፣ ዝጉ እያለ ይጮህ እንደነበር ነገራት። ጌጡንም ማንንም አይፈራም ነበር። ማር ቢያመጡለት እንስራውን ይሰብርባቸው ነበር። በደመና ቀን መሳሳቱን አልካደም፤ የአባትሽን ነገር እስክሞት አልረሳውም አላት። ግን ማስተዋል ነበረኝ አላት። እኔ እያለሁ ግርጌ ደርቆ አያውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦይ ለቦይ ስዞር ነው የማድረው አላት።

«ሌሊቱን ለምን አይተኙም ነበር?» አለችው።

«እንዴት ልተኛ? የኔው በቆሎ እያረረ!»

 ልየው ወሬውን ቀጠለ፤ እሷ ግን አልሰማችውም። የደረቀውን በቆሎ አየች። የራሷን ለምለም በቆሎ አሰበች። በየማለዳው የምታየው ሌላ ማሳ ቢሆን ኖሮ ማሩን ትልሰው ነበርን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩን አገኘችው። ተነስታም ጉልበቱን ስማ ሄደች። ሽማግሌው ምን እንዳደረገላት አላወቀም።

በማግስቱ ረፋድ የግርጌ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ወጡ። የራስጌ ሰዎች ዱላ ይዘው ቆሙ። ከመጀመሪያው በር አጠገብ ፊት ለፊት ተያዩ። ከእነሱ መሃል እኮ አማች ነበረ፣ የክርስትና ልጅ ነበረ። አንጓች መሃላቸው ገባች። አባቷ የቆመበት ቦታ ማለት ነው። ፈርታለች፤ ግን ከዚያ አልወጣችም። ማርና ቅቤ በልታ ሽብልቅ እንዳሳሳች ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የሰጧት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ይሄን የሰጣችሁኝን ማሳ መልሻለሁ። አያ ልየው ይረሰው። እኔ የመጨረሻውን ማሳ እወስዳለሁ። ሽብልቁን የምጠርበው እኔ ነኝ፤ ውሃው መጨረሻ የሚደርሰውም እኔው ጋ ነው።»

ጌጡ ሳቀ። ነገር የገባው ሰው ነበር እሱ። እንዲህ አላት፦

«የእኛን ሽብልቅ አወፍረሽ ውሃውን ሁሉ ወደ ራስሽ ልትስቢ ነዋ።»

«አይደለም አያ ጌጡ። የሁላችን ሽብልቅ ከአንድ እንጨት ይሰነጠቃል። የእናንተ ሲወፍር የእኔም ይወፍራል። ድርሻችን እኩል ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ማሳ የሚጠጣው የሁላችሁ ከጠጣ በኋላ መሆኑ ነው። ውሃው ለአንዳችሁ ቢያዳላ መጀመሪያ የምራበው እኔ ነኝ።»

 ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሥርዓታቸው ትርጉም ያን ጊዜ ገባቸው። ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ሲጠብቁት ኖረው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ጥለውት ነበር። መጀመሪያ መጥረቢያውን መሬት ያስቀመጠ ከግርጌ አንድ ጎልማሳ ነው። ከዚያም ዱላው ወረደ። ያን ቀን በአጓት የፈሰሰው ውሃ ብቻ ነው።

አንጓች ወደ ግርጌ ወረደች። የሁሉንም ሽብልቅ ከአንድ ግንድ ሰንጥቃ አወፈረች። ውሃው ግን አሁንም እየተጎተተ ነበር የሚደርሳት። እሷም እንደ ልየው እንቅልፍ አጣች። ቦይ ለቦይ ስትዞር ውሃው የት እንደሚቀር አየች፤ ለካ አሸዋው ይጠጣዋል! ራስጌ በነበረች ጊዜ ይሄን ነገር አስባውም አታውቅ። ጥቁር መሬት ጭቃ ከጭድ ጋር አስቦካችና የቦዩን ወለል አስመረገች። ራስጌውም ግርጌውም አብሮ ረገጠ፣ አብሮ መረገ። በአሸዋ ይቀር የነበረ ውሃ ዳነ። ቋ ቋው እንደገና እስከ ግርጌ ወረደ። እንግዲህ ያን ብልሃት ያመጣው ጥማት ነው፤ ጠግባ ብትቀመጥ ኖሮ ከየት ታመጣው ነበር?

ያን ዓመት ሁሉም ትንሽ በላ። ሁሉም ግን በላ። የተሰደደ የለም፣ የተፈነከተም የለም። ከዚያም ወዲህ አጓቶች ብዙ ነገር ሠሩ። ወፍጮ ሠሩ፣ ድልድይ ሠሩ፣ የእህል ማከማቻ ሠሩ። አዲስ ነገር አይፈሩም ነበር። ሲሠሩ ግን ሕግ አላቸው። ድልድይ የሠራ ልጁን ይዞ መጀመሪያ ይሻገርበታል። ወፍጮ የሠራ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ካስፈጨ በኋላ ያስፈጫል።

አያ ልየውስ? አያ ልየው በቦዩ ራስ፣ በለምለሙ ማሳ ተቀመጠ። በቆሎው ሰው ዋጠ። ፊቱ ሞላ። እንቅልፍም ተመቸው። ሌላ ደረቅ ዓመት ሲመጣና ሽብልቁ ሲወፍር ግን ተከፋ። አንድ ቀን ዶሮ በብብቱ ይዞ ወደ አንጓች ወረደ። በቆሎው ሊያፈራ ትንሽ እንደቀረው ነገራት። እስኪያፈራ ብቻ፣ ለእሱ ብቻ፣ ሽብልቁን ሳሳ እንድታደርግለት ለመናት። ያ የማር እንስራ የሰበረ ሰው! የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

አንጓች አልተቆጣችውም፤ አልሳቀችበትም። ከማሳዋ ዳር የሚቀመጥበት ጉቶ ሰጠችውና ውሃው እስኪደርስ አብረን እንጠብቅ አለችው። ተቀመጠ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ቆመች። ከላይ ቋ ሲል ሰማ። ቆይቶ ቆይቶ ሌላ ቋ ሰማ። ፊት ለፊቱ የአንጓች በቆሎ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል። ልየው ተቁነጠነጠ። ተነሳ፣ ተቀመጠ። ከዚያም እንደ ድሮው ሽቅብ ጮኸ፦

«በቃችሁ እናንተ! ዝጉ! ግርጌ ሰው አለ!»

ድምፁ ማዶ ተሰማ።  ዝጉ ካላቸው ማሳዎች ግን የመጀመሪያው የራሱ እንደሆነ ትዝ አለውና ጉቶው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።  በመጨረሻም አንጓችን ቀና ብሎ አያትና፦

«ያን ሁሉ ዘመን ማስተዋሉ የኔ መስሎኝ ነበር። ለካ የማሳው ነው» አላት።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ዶሮዋን ማን እንደበላት አትጠይቁኝ፤ እኔ አልቀመስኳትም። አሁን ተነሱና ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቂጣ አብሱ። ቂጣውን የሚቆርሰው ማነው? አንተ? እሺ፣ ቁረስ። የራስህን ግን መጨረሻ አንሳ።